ሁለት መቶ ሜትር በጀርባ

ነሐሴ 14 ቀን 1996 ዓ.ም. ምሽት የኢትዮጵያውያን ዓይንና ጆሮ አቴንስ ላይ ነበር። በ10 ሺህ ሜትር ቀነኒሳ በቀለ አንደኛ፣ ስለሺ ስህን ሁለተኛ ገቡ፤ ጉዳቱን ችሎ የሮጠው ኃይሌ ገብረ ሥላሴም አምስተኛ ሆነ። ያንን ሩጫ የተመለከተ ሰው እስከ ዛሬ ያወራዋል። በዚያው ምሽት፣ በዚያው የኦሊምፒክ ቅጥር ግቢ ውስጥ፣ ሌላ አፍሪካዊት ወርቅ መውሰዷን ያስተዋልን ግን ጥቂቶች ነን። ባሕር ከሌላት ከዚምባብዌ የመጣችው የ20 ዓመቷ ኪርስቲ ኮቨንትሪ በ200 ሜትር የጀርባ ዋና ዓለምን ቀድማ ግድግዳውን ነክታለች።

ዛሬ ስሟ የሚነሳው በሹመቷ ነው፤ ዓለም አቀፉን የኦሊምፒክ ኮሚቴ የምትመራ የመጀመሪያዋ ሴትና የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ናት። ዋናተኛዋ ኮቨንትሪ ከፕሬዚዳንቷ ጀርባ ተሸፍናለች። የዋናተኛዋ ታሪክም ቢሆን ሲነገር ወርቅ ወርቁ ይመረጥና ብሩ ይተዋል። በእኔ እይታ ግን እሷን የሠሯት ለጥቂት የተሸነፈችባቸው ውድድሮች ናቸው፤ በኦሊምፒክ ካገኘቻቸው ሰባት ሜዳሊያዎች አራቱ ብር ናቸው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1980–1999፦ የሐራሬ ልጅ

ዚምባብዌ ነፃነቷን ባወጀችበት ዓመት፣ በ1980፣ ሞስኮ ላይ ኦሊምፒክ ተካሄደ። ምዕራባውያን ውድድሩን ረግጠው በመቅረታቸው የሴቶች የሜዳ ሆኪ ውድድር ተሳታፊ አጣ፤ አዲሲቷ አገር በመጨረሻው ሰዓት ተጠርታ ቡድን ላከችና ወርቁን ይዛ ተመለሰች። ለተጫዋቾቹ አንዳንድ በሬ እንደሚሸለሙ ቃል ተገብቶላቸው ነበር። ሁሉም ነጮች ነበሩ። ይህ ድንገተኛ ወርቅ ለሚቀጥሉት 24 ዓመታት የዚምባብዌ ብቸኛ የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ሆኖ ቆየ።

ኮቨንትሪ በመስከረም 1983 ሐራሬ ውስጥ ተወለደች። ከቅኝ ግዛት ዘመን በተረፈው ሥርዓት የመዋኛ ገንዳ የሚገኘው በነጮች መንደሮችና በታወቁ የግል ትምህርት ቤቶች ነበር። ለአብዛኛው ጥቁር ዚምባብዌያዊ ልጅ ገንዳ በአጥር ማዶ ያለ ነገር ነው። እሷ የተማረችበት የዶሚኒካን ኮንቬንት ትምህርት ቤትም ከታወቁት አንዱ ነው። ይህን መናገር ድካሟን ማሳነስ አይደለም። በኋላ ሕዝቡ እንዴት እንደተቀበላት ለመረዳት ግን ከየት እንደተነሳች ማወቅ ያስፈልጋል።

በ1992 የባርሴሎና ኦሊምፒክ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ገና ዘጠኝ ዓመት አልሞላትም ነበር። ለአገሬ የኦሊምፒክ ወርቅ አመጣለሁ ብላ ለወላጆቿ የተናገረችው ያኔ እንደሆነ ራሷ ደጋግማ አውስታለች። በዚያ ኦሊምፒክ ገንዳውን ከገዙት አንዷ የሃንጋሪዋ ክሪስቲና ኤገርሴጊ ነበረች። በ14 ዓመቷ ሴኡል ላይ የ200 ሜትር ጀርባ ወርቅ የወሰደችው ይህች ልጅ ባርሴሎና ላይ ሦስት ወርቅ ጨመረች። ከዚያ በፊት፣ በ1991 በአቴንስ በተካሄደው የአውሮፓ ሻምፒዮና፣ 200 ሜትሩን በ2 ደቂቃ ከ06.62 ሰከንድ ዋኝታ የዓለምን ክብረ ወሰን ይዛ ነበር። ይህን ቁጥር አንባቢ ቢይዘው መልካም ነው፤ ተመልሰን እንመጣበታለን።

አፍሪካ በዋና ሙሉ በሙሉ ባዶ አልነበረችም። የደቡብ አፍሪካዋ ጆአን ሃሪሰን በ1952 ሄልሲንኪ ላይ በ100 ሜትር ጀርባ፣ ፔኒ ሄይንስ ደግሞ በ1996 አትላንታ ላይ በሁለቱም የደረት ዋና ርቀቶች ወርቅ ወስደዋል። ከደቡብ አፍሪካ ውጭ ግን ወርቁ ጋ የደረሰ አልነበረም።

የጀርባ ዋና ከአራቱ የዋና ዓይነቶች ለብቻው የሚቆም ነው። ዋናተኛው ውድድሩን የሚጀምረው ከመወጣጫው ዘሎ ሳይሆን ውኃው ውስጥ ሆኖ፣ እጀታውን ይዞና ግድግዳውን በእግሩ ረግጦ ነው። ፊቱ ወደ ሰማይ ስለሆነ የሚሄድበትን አያይም። ግድግዳው አምስት ሜትር ሲቀረው ከበላዩ የተወጠሩትን ትናንሽ ባንዲራዎች ያያል፤ ከዚያ በኋላ ክንዱን እየቆጠረ ነው የሚዞረው። ቆጠራውን የሳተ ወይ ከግድግዳው ጋር ይላተማል፣ ወይ ግድግዳው ጋ ሳይደርስ ይገለበጣል። ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ እስከ 15 ሜትር ድረስ ከውኃ በታች በሁለት እግር እየገፉ መሄድ ይፈቀዳል። በ100 ሜትር ይህ የውኃ ውስጥ ግፊት ውድድሩን ይወስናል። 200 ሜትር ላይ ግን ሦስተኛው 50 ሜትር የሚባል ክፉ ቦታ አለ። እግር እሳት የሚሆነውና ልብ የሚከዳው እዚያ ነው። የኮቨንትሪ ጥንካሬም እዚያው ነበር።

2000–2003፦ ሲድኒና አላባማ

በ2000 የሲድኒ ኦሊምፒክ ስለ አፍሪካ ዋና ሲወራ የሚነሳው አንድ ስም ነበር፤ የኢኳቶሪያል ጊኒው ኤሪክ ሙሳምባኒ። 100 ሜትሩን ብቻውን እየዋኘ በ1 ደቂቃ ከ52.72 ሰከንድ ሲጨርስ ተመልካቹ ቆሞ አጨበጨበለት፤ ፊልሙም ዓለምን ዞረ። ኮቨንትሪም እዚያው ነበረች። ገና ተማሪ ሳለች በ100 ሜትር ጀርባ ማጣሪያውን አልፋ ግማሽ ፍፃሜ ደረሰች፤ ለዚምባብዌ ዋናተኛ የመጀመሪያው ነው። ካሜራ ግን አልተከተላትም። ከአፍሪካ የመጣ ዋናተኛ ዜና የሚሆነው ሊሰጥም ሲል ብቻ ነበር ብል ብዙ አላጋነንኩም።

በዚያው ዓመት አገሯ ውስጥ የመሬት ጥያቄ ፈነዳ። የነጮች ሰፋፊ እርሻዎች መወረስ ጀመሩ፤ ኢኮኖሚው ተንገዳገደ፤ ብዙ ነጭ ቤተሰቦችም አገር ለቀው ወጡ። ኮቨንትሪም ወጣች፤ እሷ የሄደችው ግን ለትምህርት ነው። በአሜሪካ አላባማ ግዛት የሚገኘው ኦበርን ዩኒቨርሲቲ በዋና ስኮላርሺፕ ተቀበላት።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ የታሪኳ አንደኛው መታጠፊያ ይህ ነውና። ኦበርን በዚያ ዘመን በአሠልጣኝ ዴቪድ ማርሽ አመራር የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችን ሻምፒዮና በተከታታይ የሚያሸንፍ ቡድን ነበረው። ሐራሬ ውስጥ ከእሷ የሚፎካከር ሴት ዋናተኛ አልነበረም። ኦበርን ውስጥ ግን በየማለዳው በአጠገቧ መስመር የምትዋኘው ልጅ የምትበልጣት ልትሆን ትችላለች። ለልምምዷ ቅርብ የነበሩት አሠልጣኝ ኪም ብራኪን ሲሆኑ፣ ይህ የአሠልጣኝና የዋናተኛ ጥምረት ለብዙ ዓመታት ዘለቀ። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ለዓለም አትሌቶች የሚያደርገውን እኛም በሩጫ እናውቀዋለን፤ በዋና ግን ነገሩ ይከብዳል፤ ሯጭ ያለ ትራክ በገጠር መንገድ ሊሠለጥን ይችላል፣ ዋናተኛ ያለ 50 ሜትር ገንዳ የትም አይደርስም።

የመጀመሪያው ፍሬ በ2002 ታየ። ማንቸስተር ላይ በተካሄደው የኮመንዌልዝ ጨዋታዎች፣ ቢራቢሮ፣ ጀርባ፣ ደረትና ነፃ ዋና በተከታታይ በሚዋኙበት የ200 ሜትር ቅይጥ ውድድር ወርቅ ወሰደች።

2004፦ አቴንስ

በአቴንስ የመጀመሪያው ፍልሚያ 100 ሜትር ጀርባ ነበር። ተፎካካሪዋ አሜሪካዊቷ ናታሊ ኮግሊን፣ በ2002 ከሴቶች ሁሉ ቀድማ ርቀቱን ከአንድ ደቂቃ በታች የዋኘች፣ በውኃ ውስጥ ግፊቷ ተወዳዳሪ የማይገኝላት ናት። ኮግሊን 1:00.37፣ ኮቨንትሪ 1:00.50 ገቡ። የ13 መቶኛ ሰከንድ ልዩነት ነው። ለዚምባብዌ ግን የመጀመሪያው የግል ኦሊምፒክ ሜዳሊያ ሆኖ ተመዘገበ። በማግስቱ በ200 ሜትር ቅይጥ ከዩክሬኗ ያና ክሎችኮቫና ከአሜሪካዊቷ አማንዳ ቢርድ ቀጥላ ነሐስ አገኘች።

ከዚያ ያ ምሽት መጣ። በ200 ሜትር ጀርባ ፍፃሜ ሩሲያዊቷ ስታኒስላቫ ኮማሮቫ፣ ጃፓናዊቷ ሬይኮ ናካሙራና ጀርመናዊቷ አንትየ ቡሽሹልተ ተሰልፈዋል። ኮቨንትሪ በ2:09.19 አሸነፈች፤ ኮማሮቫ ከግማሽ ሰከንድ ትንሽ በሚበልጥ ልዩነት ሁለተኛ ሆነች። ናካሙራና ቡሽሹልተ በአንድ ሰዓት ገብተው ነሐሱን ተጋሩ። ሰዓቱ ከኤገርሴጊ የ13 ዓመት ክብረ ወሰን በሁለት ሰከንድ ተኩል ያህል የዘገየ ነበር። ወርቁ ተይዟል፤ ቁጥሩ ግን ገና ሩቅ ነው።

ሐራሬ የጠበቃት ነገር ሌላ ነበር። መንግሥት ነጭ ገበሬዎችን በጠላትነት በሚፈርጅበት ሰሞን፣ ነጭ ልጅ አገሪቱን ወክላ ባንዲራ ስታሰቅል፣ ጥቁሩም ነጩም ወጥቶ ተቀበላት። ፕሬዚዳንት ሮበርት ሙጋቤ «ወርቃማዋ ልጅ» አሏት። ደጋፊም ተቃዋሚም በአንድ ነገር በማይስማማባት አገር እሷ ላይ ሁሉም ተስማማ። መንግሥት ይህን ለራሱ ጥቅም እንዳዋለው ግልጽ ነው፤ የሕዝቡ ደስታ ግን በትእዛዝ የመጣ አልነበረም። እሷም ፖለቲካውን በአደባባይ ከመናገር ተቆጠበች። ይህ ዝምታዋ በአንዳንዶች ዘንድ ብልህነት፣ በሌሎች ዘንድ ፍርሃት ተብሎ እስከ ዛሬ ያከራክራል።

2005–2007፦ ከላይ መቆየት

በ2005 የሞንትሪያል የዓለም ሻምፒዮና ዕዳዋን ከፈለች። በ100 ሜትር ጀርባ በ1:00.24 አንደኛ ስትሆን ኮግሊን ሦስተኛ ወጣች። 200 ሜትሩንም በ2:08.52 ወሰደች። በሁለቱ ቅይጥ ውድድሮች ደግሞ ኬቲ ሆፍ የምትባል ወጣት አሜሪካዊት ቀድማት ሁለት ብር ጨመረች።

በ2006 አሠልጣኝ ብራኪን ወደ ቴክሳስ ሲዛወሩ ተከትላ ኦስቲን ገባች። በ2007 የሜልቦርን የዓለም ሻምፒዮና ግን ነገሩ ከበዳት፤ 200 ሜትር ጀርባን ለአሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሆልዘር አስረከበች፣ በ200 ሜትር ቅይጥም ከሆፍ ቀጥላ ገባች። ሁለት ብር ብቻ ይዛ ተመለሰች። የዓለም ሻምፒዮንነቷ ተወስዷል፣ የኦሊምፒክ ወርቋን የምትከላከልበት ጊዜም አንድ ዓመት ብቻ ቀርቶታል።

2008፦ የክብረ ወሰኖች ዓመት

በየካቲት 2008 አጋማሽ፣ በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት በምትገኘው ኮሎምቢያ ከተማ፣ የዓለም ሻምፒዮና ያልሆነ፣ ለልምምድ ያህል የሚካሄድ ውድድር ነበር። ኮቨንትሪ 200 ሜትር ጀርባውን በ2:06.39 ጨረሰች። የኤገርሴጊ 2:06.62 ከ16 ዓመት በላይ ቆይቶ ወደቀ።

ይህን ክብረ ወሰን ከኋለኞቹ ሁሉ አስበልጬ የማየው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ኤገርሴጊ ሰዓቱን ስታስመዘግብ ኮቨንትሪ ስምንት ዓመት ያልሞላት ሕፃን ነበረች። በመካከል አራት ኦሊምፒክ አልፏል፣ ሥልጠናው፣ የዙሩ ጥበብ፣ የገንዳው ሥራ ሁሉ ተለውጧል፤ ያንን ቁጥር ግን ማንም አልነካውም። ሁለተኛ፣ የሆነው ጥቂት ሰው ባየው ውድድር፣ ከመስመሩ ማዶ የምታባርራት ተፎካካሪ ሳትኖር ነው። ያኔ የተፎካከረችው ከቁጥሩ ጋር ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ዓመቱ ተንደረደረ። በሚያዝያ ማንቸስተር ላይ በ25 ሜትር ገንዳ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና አራት ወርቅ ሰበሰበች፣ የዓለም ክብረ ወሰኖችንም ሰባበረች። የረጅሙ ገንዳ ክብረ ወሰኗ ግን ዕድሜ አላገኘም፤ በሐምሌ በአሜሪካ የኦሊምፒክ ማጣሪያ ሆልዘር 2:06.09 አስመዘገበች። ኮቨንትሪ ለአምስት ወር ያህል ብቻ ነበር የያዘችው። 16 ዓመት የተኛው ቁጥር በግማሽ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ተነቃነቀ።

ዚምባብዌ በዚያ ሰሞን የነበረችበት ሁኔታ ለመናገር ይከብዳል። በመጋቢት ምርጫ ተካሂዶ ውጤቱ ሳምንታት ዘገየ። ለሰኔው ሁለተኛ ዙር በተቃዋሚዎች ላይ በደረሰው ጥቃት ምክንያት መሪያቸው ሞርጋን ቻንጊራይ ራሳቸውን ከውድድሩ አገለሉ። በሐምሌ የመንግሥት አኃዝ እንኳ የዋጋ ንረቱን 231 ሚሊዮን በመቶ አደረሰው፤ ባለ 100 ቢሊዮን ዶላር የገንዘብ ኖት ታተመ፣ ያም ብዙ ነገር አይገዛም። ኮቨንትሪ ቤጂንግ የደረሰችው የዚህችን አገር ባንዲራ ይዛ ነው።

በቤጂንግ የዋና ፍፃሜዎች የተካሄዱት ማለዳ ነበር፤ የቴሌቪዥን ጣቢያው ኤንቢሲ ለአሜሪካ ተመልካች በምሽት እንዲያስተላልፍ ተብሎ። የመጀመሪያው ፍፃሜዋ 400 ሜትር ቅይጥ ነበር። የዓለም ክብረ ወሰን የሆፍ 4:31.12 ነው። ኮቨንትሪ 4:29.89 ዋኘች፤ ከክብረ ወሰኑ ከአንድ ሰከንድ በላይ ፈጠነች ማለት ነው። ቀና ብላ ሰሌዳውን ስታይ ግን ሁለተኛ ናት። የአውስትራሊያዋ ስቴፋኒ ራይስ በ4:29.45 ቀድማታለች። ከዚያ ቀን በፊት አንዲትም ሴት ከ4 ደቂቃ ከ30 በታች ዋኝታ አታውቅም፤ በአንድ ማለዳ ሁለት ሆኑ፣ ወርቁ ግን አንድ ነው።

በማግስቱ በ100 ሜትር ጀርባ ግማሽ ፍፃሜ 58.77 በመዋኘት የኮግሊንን የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። ሁሉም ወርቁን ሰጣት። በፍፃሜው ግን በ59.19 ገባች። ኮግሊን 58.96 ነበረች። በዋና እንዲህ ያለ ነገር ይከሰታል፤ ጉልበቱ ከፍፃሜው አንድ ቀን ቀድሞ ይወጣል። ኮግሊን በዚህ ርቀት የኦሊምፒክ ወርቋን ያስጠበቀች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች፣ ኮቨንትሪ ደግሞ የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት ሆና ብር ወሰደች።

በቀጣዩ ማለዳ 200 ሜትር ቅይጥ ተደረገ። የራይስ ክብረ ወሰን 2:08.92 ነበር። ኮቨንትሪ 2:08.59 ዋኘች፤ ዳግመኛ ከነባሩ ክብረ ወሰን በታች። ራይስ 2:08.45። ዳግመኛ ሁለተኛ። በአንድ ኦሊምፒክ ሁለት ጊዜ የቆየውን የዓለም ክብረ ወሰን አሻሽሎ ሁለቱንም ጊዜ መሸነፍ ምን ዓይነት ዕጣ ነው!

በአራት ቀን ውስጥ ሦስት ብር። ሦስቱን ልዩነቶች ብንደምራቸው፣ 44፣ 23 እና 14 መቶኛ፣ አንድ ሙሉ ሰከንድ አይሞሉም፤ 81 መቶኛ ናቸው።

የቀራት 200 ሜትር ጀርባ ብቻ ነበር። ኦገስት 16 ማለዳ፣ አሜሪካዊው ማይክል ፌልፕስ በ100 ሜትር ቢራቢሮ ሚሎራድ ቻቪችን በአንድ መቶኛ ሰከንድ የቀደመበት ቀን ነው፤ ስለዚህም የዓለም ጋዜጦች በማግስቱ የሚያወሩት ስለ ፌልፕስ ሆነ። ኮቨንትሪ ከሆልዘር ጋር ተሰለፈች። የዓለም ክብረ ወሰን የሆልዘር፣ የዓለም ሻምፒዮንነትም የሆልዘር ነው። ሦስት ጊዜ ለጥቂት የተሸነፈ ሰው አራተኛውን ፍፃሜ ሲገባ ወይ ይፈራል፣ ወይ ለመጨረሻው ንክኪ ምንም ላለማስቀረት ይወስናል። እሷ ሁለተኛውን መረጠች። 2:05.24 ዋኘች። የሆልዘር ክብረ ወሰን በ85 መቶኛ ወደቀ። ሆልዘር ሁለተኛ፣ ናካሙራ ሦስተኛ ወጡ። በኮቨንትሪና በሆልዘር መካከል የነበረው ልዩነት 99 መቶኛ ሰከንድ ነው። ሦስቱን ወርቆች ያጣችበት ጊዜ ሁሉ ተደምሮ ይህን አያክልም።

በዚህ ርቀት የኦሊምፒክ ወርቋን ከኤገርሴጊ በቀር ያስጠበቀች ሌላ ሴት አልነበረችም። ዚምባብዌ በቤጂንግ ያገኘቻቸው ሜዳሊያዎች አራት ናቸው፤ አራቱም የእሷ ናቸው። ሐራሬ ስትመለስ ሙጋቤ በቤተ መንግሥታቸው ተቀብለው 100 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ሸለሟት። ሐኪሞችና መምህራን ደመወዛቸው ለትራንስፖርት እንኳ በማይበቃበት ወቅት ነበርና ሽልማቱ ብዙ አነጋገረ።

2009፦ ሮምና የዋና ልብሱ

ቤጂንግ ላይ ብዙዎች የለበሱት ኤልዜድአር ሬሰር የሚባል የስፒዶ ልብስ ነበር። ሰውነትን አጥብቆ ይይዛል፣ የውኃውን ግጭት ይቀንሳል። በዓመቱ ሌሎች አምራቾች ሙሉ በሙሉ ከፖሊዩሬቴን የተሠራ ልብስ ይዘው መጡ፤ ልብሱ አየር ስለሚይዝ ዋናተኛውን ከፍ አድርጎ ያንሳፍፈዋል። በ2009ኙ የሮም የዓለም ሻምፒዮና በአንድ ሳምንት ውስጥ 43 የዓለም ክብረ ወሰኖች ተሰበሩ። ክብረ ወሰን እንደ ዚምባብዌ ዶላር ሆነ፤ ቁጥሩ እየበዛ ዋጋው ወረደ።

ኮቨንትሪ በዚያ ትርምስ ውስጥ በ200 ሜትር ጀርባ 2:04.81 ዋኝታ የራሷን ክብረ ወሰን አሻሻለች። ሩሲያዊቷ አናስታሲያ ዙዌቫ በ2:04.94 ከኋላዋ ነበረች። በ400 ሜትር ቅይጥ ደግሞ የሃንጋሪዋ ካቲንካ ሆስዙ ቀድማት እንደ ልማዷ ብር ወሰደች። ከጥር 2010 ጀምሮ እነዚያ ልብሶች ታገዱ። 2:04.81 በወረቀት ላይ ከሁሉም ፈጣኑ ሰዓቷ ነው። ችሎታዋን ለመለካት ግን የሚሻለው የኮሎምቢያው 2:06.39 ነው እላለሁ።

2010–2016፦ መውረድ

ከዚህ በኋላ ያለው ረጅም አይደለም። ኤገርሴጊ በአንድ ርቀት ሦስት ተከታታይ የኦሊምፒክ ወርቅ ወስዳለች፤ ኮቨንትሪ ይህን ለመድገም በ2012 ለንደን ላይ የአገሯን ባንዲራ ተሸክማ ገባች። የ17 ዓመቷ አሜሪካዊት ሚሲ ፍራንክሊን በመደበኛው ልብስ 2:04.06 ዋኝታ ወርቁንም የሮሙንም ክብረ ወሰን ወሰደች። ኮቨንትሪ ስድስተኛ ሆነች። አራት ዓመት ቆይታ በሪዮ፣ በአምስተኛው ኦሊምፒኳ፣ ዳግመኛ ስድስተኛ ወጣችና ውድድሩን ተሰናበተች። 32 ዓመት ሞልቷት ከእሷ በብዙ በሚያንሱ ልጆች መካከል ፍፃሜ መድረሷ በራሱ ቀላል አይደለም፤ ለሜዳሊያ ግን አልበቃም።

የተሰበሰበው ሒሳብ ሁለት ወርቅ፣ አራት ብር፣ አንድ ነሐስ ነው፤ ሁሉም በግል ውድድር የተገኙ ሰባት ሜዳሊያዎች። የቅብብል ዋና ቡድን ሊያቆሙ የሚችሉ የዚምባብዌ ሴቶች ስላልነበሩ፣ እንደ አሜሪካውያኑ በቡድን የምትሰበስበው አልነበራትም። በዚያን ጊዜ በግል ውድድር ከሴት ዋናተኞች ሁሉ ብዙ የኦሊምፒክ ሜዳሊያ የነበራት ኤገርሴጊ ናት፤ የእሷም ሰባት ነው፣ አምስቱ ወርቅ። ኮቨንትሪ በቁጥር ደረሰችባት፣ በወርቅ ግን አልደረሰችባትም። በኋላ አሜሪካዊቷ ኬቲ ሌዴኪ ሁለቱንም አልፋ ሄደች።

2018–2025፦ ከገንዳው ውጭ

በለንደን ኦሊምፒክ ጊዜ በአትሌቶች ድምፅ በተደረገው ምርጫ አማካይነት በ2013 የዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል ሆና ነበር። በ2018 የአትሌቶች ኮሚሽኑን መምራት ጀመረች። በዚያው ዓመት ፕሬዚዳንት ኤመርሰን ምናንጋግዋ የወጣቶች፣ የስፖርት፣ የኪነ ጥበብና የመዝናኛ ሚኒስትር አድርገው ሾሟት። ሚኒስትርነቱ እንደ ዋናው አልተሳካም። ብሔራዊው ስታዲየም መመዘኛ ስለማያሟላ በ2020 ዓለም አቀፍ ጨዋታ እንዳያስተናግድ ታገደ፤ በ2022 ደግሞ ፊፋ፣ መንግሥት በእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ ላይ ጣልቃ ገብቷል ብሎ ዚምባብዌን ከውድድር አገደ። እገዳው የተነሳው በቀጣዩ ዓመት ነው። በገንዳ ውስጥ ዝምታዋ ያተረፈላትን ያህል በካቢኔ ውስጥ ዝምታዋ ወቀሳ አመጣባት።

ያም ሆኖ ማርች 20 ቀን 2025 በግሪክ ኮስታ ናቫሪኖ በተካሄደው ጉባኤ ከስድስት ወንድ ተወዳዳሪዎች ጋር ለፕሬዚዳንትነት ቀረበች። ከእነሱ መካከል የሁለት ኦሊምፒክ ወርቅ ባለቤቱ ሯጭ ሴባስቲያን ኮና የቀድሞው ፕሬዚዳንት ልጅ ሁዋን አንቶኒዮ ሳማራንች ነበሩ። ብዙ ዙር ይፈጃል ተብሎ ሲጠበቅ በመጀመሪያው ዙር አለቀ። ከ97 ድምፅ 49ኙን አገኘች፤ ሳማራንች 28፣ ኮ 8። ለማለፍ የሚያስፈልገው ቁጥር ልክ 49 ነበር።

ጁን 23 ቀን ሎዛን ላይ ከተሰናባቹ ፕሬዚዳንት ከቶማስ ባክ ሥልጣኑን ስትረከብ 41 ዓመቷ ነበር። በእሷ መሪነት ለመካሄድ ቀጠሮ የተያዘለት የመጀመሪያው ውድድር በየካቲት 2026 በሚላኖና በኮርቲና የሚደረገው፣ በረዶና ሸርተቴ የሞላበት የክረምት ኦሊምፒክ ነበር። ዚምባብዌ እስከዚያ ድረስ በኦሊምፒክ ታሪኳ ያላት ስምንት ሜዳሊያ ነው፤ አንዱ የ1980 የሆኪ ሴቶች፣ የቀሩት ሰባቱ የኮቨንትሪ።